ማቆየት፣ መቀየር ወይስ ማውለቅ? የስማርት ሰዓት ሒሳብ

ስማርት ሰዓት በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ጊዜ ከማሳየት አልፎ ከስልክ የሚመጣ መልእክት ያቀብላል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይከታተላል። በየዓመቱ አዲስ ሞዴል እየወጣለት ከአሥር ዓመት በላይ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2024 የዓለም ገበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካውንተርፖይንት የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደመዘገበው፣ በዚያ ዓመት ወደ ገበያ የወጡት ስማርት ሰዓቶች ከቀዳሚው ዓመት በ7 በመቶ ያነሱ ነበሩ። የገበያው መሪ የአፕል ቅናሽ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው፤ ሰዓት ያለው ሰው ያንኑ አውልቆ ሌላ ለመግዛት የሚገፋፋው ነገር አጣ።

ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው በእጅ ላይ ያለው ሰዓት አሁንም መታሰሩ ይጠቅማል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው አዲሱ ሞዴል ከአሮጌው ምን ያህል ይበልጣል የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው መልስ ያለው በባለቤቱ ኑሮ ውስጥ ነው። የሁለተኛው መልስ ያለው በባትሪውና በሶፍትዌሩ ዕድሜ ላይ ነው። የሁለቱንም ጥያቄ ታሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ አድርጎ የሚያሳየው የአፕል ሰዓት ስለሆነ፣ ትንታኔው በዋናነት እሱን ይከተላል።

ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰዓት

የዛሬው ስማርት ሰዓት መንገድ የተጠረገው በፔብል ነው። ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የመሠረተው ይህ አነስተኛ ኩባንያ በሚያዝያ 2012 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ 100,000 ዶላር ጠይቆ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ፔብል የሚሠራው ጥቂት ነገር ነበር፤ ስልክ ከኪስ ሳይወጣ ማን እንደደወለና ምን እንደተጻፈ ያሳያል። ስክሪኑ ኃይል ቆጣቢ ስለነበረ ባትሪው እስከ ሳምንት ይቆይ ነበር።

አፕል የራሱን ሰዓት በመስከረም 2014 አስተዋውቆ በሚያዝያ 24 ቀን 2015 መሸጥ ጀመረ። ሰዓቱ ለምን እንደሚጠቅም ግን በመጀመሪያው ዓመት ኩባንያው ራሱ የወሰነ አይመስልም ነበር። ጌጥም፣ የመልእክት መለዋወጫም፣ የስፖርት መሣሪያም ተደርጎ ቀረበ። ከወርቅ የተሠራው ዓይነት ከ10,000 እስከ 17,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2016 የወርቁ ሰዓት ከገበያ ወጣ። በምትኩ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ጂፒኤስ የተገጠመለትና እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ውኃ የሚቋቋም ነበር። በ2018 አራተኛው ትውልድ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ኢሲጂና መውደቅን የሚያውቅ ሥርዓት ይዞ ወጣ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም (ኤፍዲኤ) ለኢሲጂው ፈቃድ ሰጠ። ጌጥ ሆኖ የጀመረው ዕቃ በሦስት ዓመት ውስጥ የጤናና የአካል እንቅስቃሴ መሣሪያ ሆነ። ዛሬም የሚመዘነው በዚሁ ሥራው ነው።

በየዓመቱ የተጨመረው

ከ2018 ወዲህ የመጡት ትውልዶች ተራ በተራ ሲታዩ ለውጡ እየሳሳ መሄዱ ይታያል። በ2019 ሁልጊዜ የሚበራ ስክሪን መጣ። በ2020 የደም ኦክስጅን መለኪያ ተጨመረ። በ2021 ስክሪኑ ሰፋ፣ ቻርጅ የሚያደርግበት ጊዜም አጠረ። በ2022 የሙቀት ሴንሰርና የመኪና ግጭትን የማወቅ ችሎታ መጣ፤ ባትሪው ረጅምና አካሉ ጠንካራ የሆነው አልትራም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2023 ሁለት ጣቶችን በማጋጨት ሰዓቱን ማዘዝ ተቻለ። በ2024 ሰዓቱ ቀጠነ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ምልክት ሲያይ የሚያሳውቅ አገልግሎትም መጣ። በ2025 የወጣው አሥራ አንደኛው ትውልድ የደም ግፊት ምልክት ማሳወቂያ ይዞ መጣ፤ ለዓመታት 18 ሰዓት ሲባል የነበረው የባትሪ ቆይታም ወደ 24 ሰዓት ከፍ አለ።

ከዚህ ዝርዝር ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ባሉ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። የስድስተኛውን ትውልድ ባለቤት ሰባተኛው ብዙም አይጠቅመውም። ከአራተኛው ወደ አሥራ አንደኛው የሚሻገር ሰው ግን በስክሪን፣ በፍጥነት፣ በቻርጅና በሴንሰር ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ሁለተኛ፣ አዲስ የተባለው ነገር ሁሉ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። የትንፋሽ መቆራረጥ ማሳወቂያው ለ2023ቱ ዘጠነኛ ትውልድም ደርሷል፤ የደም ግፊት ማሳወቂያውም ለዘጠነኛውና ለአሥረኛው በሶፍትዌር ተልኳል። ማስታወቂያ አይቶ ለመግዛት የተነሳ ሰው የፈለገው ነገር እቤቱ ባለው ሰዓት ላይ በነፃ ሊደርሰው ይችላል።

ሦስተኛው ከሁለቱ ያነሰ ይታወቃል፤ የተገዛ ችሎታ ሊወሰድም ይችላል። ማሲሞ የተባለው የሕክምና መሣሪያ አምራች በደም ኦክስጅን መለኪያው ላይ የፓተንት ክስ መሥርቶ በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ፊት አፕልን ረታ። በዚህም ምክንያት ከጥር 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ አዳዲስ ሰዓቶች ሴንሰሩ እያላቸው ልኬቱ ተዘግቶባቸው ወጡ። አገልግሎቱ የተመለሰው በነሐሴ 2025 ነው፤ ያውም ስሌቱ በሰዓቱ ላይ ሳይሆን በስልኩ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ። በእነዚያ ወራት ከአሜሪካ ዘመድ የላከለት ሰው የያዘው ሰዓት፣ በዚያው ወቅት ሌላ አገር ከተገዛው ተመሳሳይ ሰዓት በአንድ አገልግሎት ያንስ ነበር።

የሚለካውና የሚገመተው

የሰዓቱን ዋጋ ለመመዘን በእውነት የሚለካውንና ከልኬት ተነሥቶ የሚገምተውን መለየት ያስፈልጋል። በሰዓቱ ጀርባ የሚብለጨለጨው አረንጓዴ መብራት የልብ ምት መለኪያ ነው። ደም ቀይ የሆነው ቀይ ብርሃንን መልሶ አረንጓዴውን ስለሚመጥጥ ነው። ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ የሚያልፈው ደም ይበዛል፣ ወደ ሴንሰሩ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃንም ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍና ዝቅ ቆጥሮ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ይናገራል። ማሰሪያው ከላላ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ቆዳው ከተነቀሰ ወይም እጁ በኃይል ከተንቀሳቀሰ ቆጠራው ይሳሳታል።

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነዋል። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። በተቃጠለ ካሎሪ ግን አንዳቸውም አልታመኑም፤ ከሁሉም የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ፣ የባሰበት በ93 በመቶ ተሳሳተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የልብ ምት በቀጥታ የሚለካ ነገር ነው። ካሎሪ ግን ከልብ ምት፣ ከክብደት፣ ከዕድሜና ከእንቅስቃሴ ተነሥቶ በቀመር የሚገመት ነው። ሰዓቱ 500 ካሎሪ አቃጥለሃል ስላለ ያንኑ ያህል ጨምሮ የሚበላ ሰው ሒሳቡን በተሳሳተ ሚዛን እየሠራ ነው።

እንቅልፍም እንዲሁ ግምት ነው። በእንቅልፍ ክሊኒክ የእንቅልፍ ደረጃ የሚታወቀው ከራስ ቅል ላይ በሚነበብ የአንጎል ሞገድ ነው። ሰዓቱ ሞገዱን አያይም፤ ከእጅ እንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥቶ ይገምታል። ስንት ሰዓት እንደተተኛ በአብዛኛው በደህና ይናገራል። ጥልቅ እንቅልፍ ስንት ደቂቃ ነበር ሲባል ግን መልሱ ያን ያህል አይታመንም፤ ሳይነቃነቅ ዓይኑን አፍጥጦ የተኛውን ሰው ተኝቷል ብሎ ሊመዘግብም ይችላል። በ2017 የእንቅልፍ ሐኪሞች የሰዓታቸውን ቁጥር ፍጹም ለማድረግ ሲጨነቁ እንቅልፍ ያጡ ታካሚዎችን ሁኔታ በአዲስ ስም እስከመጥራት ደርሰዋል።

ከሁሉም ይልቅ የተጠናው የልብ ምት መዛባትን የማወቅ ችሎታ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው መዛባት ሳይታወቅ ቆይቶ ወደ ስትሮክ ሊያደርስ ይችላል። በስታንፎርድ የተመራውና በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የአፕል የልብ ጥናት 419,297 ሰዎችን አሳትፏል። ማሳወቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ደረት ላይ የሚለጠፍ መቅጃ ተጠቅመው ከመለሱት 34 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኘባቸው። መዛባቱ አንዳንዴ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ የቀሩት ሁሉ በከንቱ ተጠሩ ማለት አይደለም። ቢሆንም ማሳወቂያው ወደ ሐኪም መሄጃ ምክንያት እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ አለመሆኑን ቁጥሩ ያሳያል። በተገላቢጦሹም ዝምታው የጤና ምስክር አይደለም። ጣት አስነክቶ በ30 ሴኮንድ የሚነሳው የሰዓቱ ኢሲጂ በሆስፒታል እንደሚነሳው ልብን ከብዙ አቅጣጫ አያይም፤ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን ማለትም የልብ ሕዋስ በደም እጦት መሞትን አያውቅም።

የደም ግፊት ማሳወቂያው የሚነበበውም በዚሁ ጥንቃቄ ነው። የአፕል ሰዓት እንደ ሐኪም ቤቱ መሣሪያ 120 በ80 ብሎ አይናገርም። የ30 ቀን መረጃ አይቶ የደም ሥሮች ለልብ ምት የሚሰጡት ምላሽ የከፍተኛ ግፊት ምልክት ካሳየ ብቻ ያሳውቃል። በማረጋገጫ ጥናቱ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ማሳወቂያ አልደረሳቸውም። ሳምሰንግ ቁጥር ያሳያል፤ ነገር ግን በየ28 ቀኑ ክንድ ላይ በሚታሰር የግፊት መለኪያ መስተካከል አለበት። የሁዋዌ ዋች ዲ በማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚሞላ ትንሽ መጭመቂያ ስላለው ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሐኪም ቤቱ መሣሪያ ይቀርባል።

የደም ስኳርን በተመለከተ ቃሉ አጭር ነው። ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር የሚለካ ስማርት ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ አስታውቋል። ስኳር እለካለሁ በሚል ርካሽ ሰዓት ተማምኖ ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ቆዳና ከፍታ

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቆዳ ቀለም ነው። ሜላኒን ብርሃን ስለሚመጥጥ ሴንሰሩ በጠቆረ ቆዳ ላይ ይሳሳታል የሚል ስጋት ለዓመታት ነበር። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት በልብ ምት ልኬት ላይ በቆዳ ቀለም የተነሳ ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ትልቁ ልዩነት የመጣው ከመሣሪያ ወደ መሣሪያና ከዕረፍት ወደ እንቅስቃሴ ነው። በደም ኦክስጅን ላይ ግን ስጋቱ መሠረት አለው። በዚያው ዓመት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት፣ በሆስፒታል ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ እንኳ የኦክስጅን መጠናቸው የወረደ ጥቁር ታካሚዎችን ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ አዘውትሮ ደህና ናቸው እንደሚል አሳይቷል። የእጅ ሰዓት ከዚህ የተሻለ እንዲሆን መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሳሳ ያለ ነው። ከጂዳ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓቱ ላይ የኦክስጅን ቁጥሩ ወርዶ፣ የልብ ምቱ ጨምሮ ቢያይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሌላ በኩል ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደጋ ነዋሪዎች አማካይ የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከሰው ሰውና ከቦታ ቦታ ትርጉሙ ይለያያል። ከሰዓቱ የሚጠቅመው ለብቻው የተነጠለው ቁጥር አይደለም፤ የዚያው ሰው ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ነው።

ልማድ ይለውጣል ወይ?

ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚገዛው ያራምደኛል ብሎ ነው። በ2022 በላንሴት ዲጂታል ሄልዝ የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ይህን ተስፋ በከፊል ይደግፋል። የእርምጃ መቁጠሪያ የሚያስሩ ሰዎች በአማካይ በቀን 1,800 ያህል እርምጃ ይጨምራሉ፤ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል በ2016 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የሁለት ዓመት ጥናት በ471 ወጣት ጎልማሶች ላይ ተቃራኒ የሚመስል ውጤት አምጥቷል። ከምክር ጋር መቁጠሪያ የታሰረላቸው በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ መቁጠሪያ ያልታሰረላቸው 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል። ሁለቱ ውጤቶች አይጣረሱም። ሰዓቱ ተቀምጦ የሚውለውን ሰው ሊያስነሳ ይችላል፤ ቁርጠኝነትንና የአመጋገብ ለውጥን ግን አይተካም።

በብዙ ሰዓቶች ላይ ግብ ሆኖ ተቀምጦ የሚመጣው 10,000 እርምጃም ከሕክምና የመጣ ቁጥር አይደለም። መነሻው በ1960ዎቹ አጋማሽ ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው፤ ስሙ ራሱ የአሥር ሺህ እርምጃ ቆጣሪ ማለት ነበር። በ2019 በ16,741 አሜሪካውያን አረጋውያን ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ያነሰ የሞት መጠን ነበራቸው፤ ጥቅሙም ከ7,500 ገደማ በኋላ አልጨመረም። ለእናትና ለአባት ሰዓት የሚገዛ ልጅ ግቡን ዝቅ አድርጎ ቢሞላላቸው ይሻላል። በየቀኑ አልደረስክም እያለ የሚወቅስ ሰዓት በሦስተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ለሯጭ ግን ሒሳቡ ይለያል። በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ መንገድ ላይ የሚሠራ አትሌት ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ፣ ቀላል የተባለው ቀን በእርግጥ ቀላል መሆኑን ማወቅ አለበት። ለእሱ ጂፒኤስና የልብ ምት የየቀኑ የሥራ ዕቃ ናቸው። ጋርሚንን የመሰሉ ባትሪያቸው ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት የሚቆይ የስፖርት ሰዓቶች በሯጮች ዘንድ የሚመረጡትም ለዚህ ነው።

ሰዓቱ የሚሞትበት መንገድ

ጥሩ የጥንት ሰዓት ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር። ስማርት ሰዓት አይወረስም፤ ሞቱም በሦስት በኩል ይመጣል።

የመጀመሪያው ባትሪው ነው። አፕል የሰዓቱ ባትሪ ከ1,000 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ ከመነሻ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው ይላል። በቀን አንድ ዙር ለሚጨርስ ሰዓት ይህ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። መነሻው 18 ሰዓት የሆነ ባትሪ አምስተኛ እጁ ሲጎድል ማታ ሳይደርስ ያልቃል፤ ሰዓት አሮጌ የሆነ የሚመስለውም በዚህ ጊዜ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ቻርጅ የሚደረግ የሁዋዌ ወይም የአማዝፊት ሰዓት ግን ያንኑ ያህል ዙር ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ከየትኛውም ሴንሰር ይበልጣል። በአሜሪካ አፕል ለብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪ የሚቀይረው በ99 ዶላር ነው። አዲሱ ርካሽ ሞዴል ኤስኢ 3 በ249፣ አሥራ አንደኛው ትውልድ በ399 ዶላር ነው የወጡት። ያረጀው ባትሪው ብቻ ከሆነ መቀየሩ ከግዢው በብዙ ያንሳል።

ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ነው። 17,000 ዶላር የተከፈለበት የወርቅ ሰዓት በ2018 አዲሱን ሶፍትዌር መቀበል አቆመ፤ ወርቁ አለ፣ ሰዓቱ አረጀ። የሦስተኛው ትውልድ ታሪክ ደግሞ ለገዢ የበለጠ ያስተምራል። በ2017 የወጣው ይህ ሰዓት እስከ መስከረም 2022 ድረስ አዲስ ሆኖ ከነካርቶኑ ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ወር የወጣው ሶፍትዌር ግን አልቀበለውም። የአፕዴት ዕድሜ የሚቆጠረው ሰዓቱ ከተገዛበት ቀን ሳይሆን ሞዴሉ ከወጣበት ዓመት ነው። በ2025 የወጣው የአፕል ሰዓት ሶፍትዌር ዋችኦኤስ 26 ከስድስተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። የጉግል የመጀመሪያው ፒክስል ዋችም በ2022 ወጥቶ የተረጋገጠለት የአፕዴት ጊዜ በ2025 አልቋል። አፕዴት የቀረበት ሰዓት በማግስቱ አይቆምም። ጊዜ ያሳያል፣ እርምጃም ይቆጥራል። የደኅንነት ጥበቃው ግን ይሳሳል፣ አፖቹም አንድ በአንድ ይተውታል።

ሦስተኛው የኩባንያው መጥፋት ነው። ፔብል በ2016 ማብቂያ ለፊትቢት ተሸጠ፤ አገልግሎቱን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቨሮች በሰኔ 2018 ተዘጉ፤ ፊትቢት ራሱም በ2021 የጉግል ሆነ። ከዚያ በኋላ ፔብልን በሕይወት ያቆዩት ሰርቨሩን በራሳቸው የተኩ ወዳጆቹ ናቸው። ጉግል በ2025 መጀመሪያ የፔብልን ሶፍትዌር ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ መሥራቹ አዲስ ሰዓት መሥራት ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ትንሣኤ ግን ብርቅ ነው። ከኩባንያው ሰርቨር ውጪ የማይሠራ ሰዓት የገዛ ሰው ዕቃውን በከፊል የገዛው በኩባንያው ዕድሜ ላይ ተማምኖ ነው።

ውኃ መቋቋምም ዘላለማዊ አይደለም። ማሸጊያው ከጊዜ፣ ከሳሙናና ከመውደቅ ይላላል። አራት ዓመት የታሰረ ሰዓት አዲስ ሳለ ዋና ገብቶ ነበር ተብሎ ዛሬ ገንዳ ውስጥ አይነከርም።

ከውጭ የሚመጣ ሰዓት

በኢትዮጵያ ብዙው ስማርት ሰዓት የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በስጦታ ወይም በሻንጣ ነው። ለላኪውም ለተቀባዩም የመጀመሪያው ጥያቄ ተቀባዩ ምን ስልክ ይዟል የሚለው ነው። የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን አይሠራም። በ2021 ከወጣው ጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ የሳምሰንግ ሰዓቶች ከአይፎን ጋር አይገናኙም። ጋርሚን፣ ሁዋዌና አማዝፊት ከሁለቱም ጋር ይሠራሉ። የቴክኖ ስልክ ለያዘ ወንድም የአፕል ሰዓት መላክ ማለት መክፈቻ የሌለው የተቆለፈ ሳጥን መላክ ነው።

ያገለገለ የአፕል ሰዓት ሲሆን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። የቀድሞው ባለቤት ሰዓቱን ከአካውንቱ ካላላቀቀው አዲሱ ባለቤት ሊጠቀምበት አይችልም። ማላቀቁ ደግሞ የሚቻለው በዚያው ሰው የይለፍ ቃል ነው፤ ስለዚህ ከሻንጣ ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት። በራሱ ሲም የሚደውለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሚሠራው ግን የአገሩ ቴሌኮም ይህን አገልግሎት ለሰዓቱ ከከፈተ ብቻ ነው። ኢሲጂና መሰል የጤና አገልግሎቶችም የሚከፈቱት አገር በአገር በፈቃድ ነው። ቻርጀሩም ከሌላ ብራንድ አይዋስም፤ ከጠፋ ሰዓቱ ጌጥ ይሆናል።

አልትራን መስለው የሚሸጡ ኮፒ ሰዓቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥሪ ማሳወቅና እርምጃ መቁጠር ይችሉ ይሆናል። የደም ግፊት፣ ኦክስጅንና ስኳር በአንድ ንክኪ ሲያሳዩ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር የለም። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው የአማርኛ መልእክት በባዶ ሳጥን ያሳያሉ። ተራውን ሰዓት በአገርኛ አቆጣጠር መሙላት የለመደ ሽማግሌም ጊዜውን ከስልኩ በሚወስድ ስማርት ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት መቀነስ ሊኖርበት ነው። ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ ሰዓቱ እጅ ላይ ይቆያል ወይስ ይወልቃል የሚለውን የሚወስኑት ግን ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ውሳኔው

ሰዓቱ አሁንም መታሰሩ ይጠቅማል ወይ ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሰዓቱ ባለፈው ወር የትኛውን ውሳኔ አስለወጠ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት፣ በልምምድ ቀመር የሚሮጥ አትሌት፣ ስልክ ማውጣት በማይችልበት ሥራ ላይ የሚውል ነርስ ወይም ሾፌር መልስ አያጡም። አዛውንቱ ወድቆ ሳይንቀሳቀስ ቢቀር ሰዓቱ ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት ሊደውልና ለቤተሰብ መልእክት ሊልክ ይችላል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ መታሰሩ ያዋጣል። የሰዓቱ ሥራ የስልክ ማሳወቂያን ወደ እጅ ማምጣት ብቻ የሆነበት ሰው ግን ለሁለት ሳምንት አውልቆ ይመልከት። የጎደለው ነገር ከሌለ ተራ ሰዓት ይበቃዋል፤ በየቀኑ ቻርጅ ከማድረግም ያርፋል።

ለመቀየር በቂ የሚሆኑት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ባትሪው ቀኑን አልጨርስ ብሎ መቀየሩም ካልተቻለ ወይም ካላዋጣ፣ የደኅንነት አፕዴት ከቀረ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘውን ክትትል አሮጌው ሰዓት መስጠት ካልቻለ። ስክሪን መስፋት፣ ቀለም መለወጥና መቅጠን ከእነዚህ ውስጥ አይገቡም። ሲቀየርም ከባለፈው ዓመት ሞዴል መጀመር ይቻላል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ቀሪ የአፕዴት ዕድሜውም ከሞዴሉ ዓመት ተቆጥሮ ይታወቃል።

ባትሪው ማታ የሚደርስ፣ አፕዴት የሚመጣለትና ቢያንስ አንድ ውሳኔ የሚያስለውጥ ሰዓት፣ አዲስ ሞዴል ስለወጣ አላረጀም።